ከወደብ የሚጠበቅ የመሬት ለምነት

በ2014 ዓ.ም. የካቲት ወር በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ ከጥቁር ባሕር ዳርቻ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖረው የጎጃም፣ የአርሲና የወለጋ ገበሬ በነገሩ ውስጥ አንዳችም ድርሻ አልነበረውም። ይሁን እንጂ የጦርነቱ ጭስ ሳይታየው ጦሱ ከማሳው ድረስ መጣበት። ለዚያው ዓመት የመኸር እርሻ በሚሰናዳበት ጊዜ ለአንድ ኩንታል ማዳበሪያ የተጠየቀው ዋጋ ካለፈው ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆኖ አገኘው። መንግሥት በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ደጉሞ እንኳ ሸክሙ ከገበሬው ትከሻ ፈጽሞ አልወረደም። በተከታዩ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ማዳበሪያው በወቅቱ ባለመድረሱ በአንዳንድ አካባቢዎች ገበሬዎች አደባባይ ወጥተው አቤት እስከ ማለት ደረሱ።

ይህ ሁኔታ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። በብዙ ሺህ ዓመታት ታሪኩ ቤተ መንግሥቱንና ገዳሙን፣ ሠራዊቱንና ከተማውን ሲመግብ የኖረ መሬት ዛሬ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጆንያ ካልደረሰለት ማብቀል የተሳነው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄው ለግብርና ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የወታደሩ ቀለብም ሆነ የከተማው ነዋሪ እንጀራ የሚወጣው ከዚሁ አፈር ነውና፣ ነገሩን ከሥሩ መመርመር የሁላችንም ተግባር ይሆናል።

በመጀመሪያ የጆንያውን ጉዞ እንመልከት። በእርሻ ላይ በብዛት ከሚውሉት ማዳበሪያዎች አንዱ ዩሪያ ነው። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይገኛል። ናይትሮጅን በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሞልቶ የተረፈ ቢሆንም፣ ተክል እንዳለ ሊመገበው አይችልም። ይህን አየር ወደ ተክል ምግብ ለመለወጥ የሚያስችለውን ዘዴ ፍሪትዝ ሃበርና ካርል ቦሽ የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ለፋብሪካ አበቁት። ያው ዘዴ በጦርነቱ ዘመን ለፈንጂ መሥሪያ መዋሉን ብዙ ወታደር ያውቀዋል። ሥራው ግን ከፍተኛ ሙቀትና ግፊት የሚጠይቅ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚካሄደው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። ስለዚህ የጋዝ ዋጋ ሲንር የማዳበሪያ ዋጋ ይንራል፤ ጋዝ ባለበት አገር ጦርነት ሲነሣ ጋዝ የሌለው አገር ገበሬ ይጎዳል።

የሆነውም ይኸው ነው። ገና ጦርነቱ ሳይጀመር በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአውሮፓ የጋዝ ዋጋ አሻቅቦ አያሌ ፋብሪካዎች ምርታቸውን ቀንሰው ነበር። በዚያው ሰሞን ቻይና ማዳበሪያ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ገደብ ጣለች። ከዚያም በዓለም ላይ ማዳበሪያ በብዛት ከሚሸጡት አገሮች በግንባር ቀደምትነት የምትቆጠረው ሩሲያ ጦርነት ውስጥ ገባች፤ ፖታሽ በብዛት የምታመርተው ቤላሩስም በማዕቀብ ተያዘች። ሌላው የተክል ዋና ምግብ የሆነው ፎስፎረስ ደግሞ ከድንጋይ የሚወጣ ሲሆን፣ ከታወቀው የዓለም ክምችት ትልቁ ድርሻ የሚገኘው በሞሮኮ እጅ ነው። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ይህን ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ፣ በመርከብ ጅቡቲ አድርሳ፣ ከዚያም በመኪናና በባቡር አጓጉዛ፣ ክረምቱ ሳይገባ በየቀበሌው ማደል አለባት። ዝናቡ ግን መርከብ ዘገየ ብሎ አይጠብቅም።

ማንም የጦር መኮንን እንደሚያውቀው፣ ስንቁን በአንዲት ረጅም መንገድ ብቻ የሚጠብቅ ሠራዊት፣ መንገዱ በተዘጋ ዕለት ይፈታል። ብልኅ አዛዥ መንገዱን ከማስጠበቅ ጋር በምሽጉ ውስጥ የስንቅ ክምችት ያኖራል። በእርሻም ረገድ ሕጉ አንድ ነው። የመሬት የስንቅ ግምጃ ቤት አፈሩ ራሱ ነው። ይህ ግምጃ ቤት ሞልቶ ከሆነ የአንድ ዓመት የማዳበሪያ እጥረት ምርትን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ገበሬውን አይጥለውም። ባዶ ከሆነ ግን የጆንያው መዘግየት ወዲያው ወደ ረሃብ ይለወጣል።

አፈር በድን ትቢያ አይደለም። ከድንጋይ መፈራረስ የተገኘ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ፣ ከዕፅዋትና ከእንስሳት ብስባሽ፣ ከውሃ፣ ከአየርና ዓይን ከማያያቸው እልፍ አእላፍ ነፍሳት የተዋሐደ ሕያው ነገር ነው። የለምነቱ ምሥጢር ያለው በሸክላውና በብስባሹ ላይ ነው። እነዚህ ሁለቱ እንደ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ያሉትን ንጥረ ነገሮች በላያቸው ይዘው የተክሉ ሥር ሲጠይቅ ይለቅቃሉ። ብስባሹ በተጨማሪ ውሃ ይይዛል፤ አፈሩን ያላላል፤ ሲበሰብስም ናይትሮጅን ያፈልቃል።

በሞቃታማው የምድር ክፍል ይህን ሀብት የሚፈታተኑ ሁለት ኃይሎች አሉ። አንደኛው ከባድ ዝናብ ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት የወረደው ውሃ ንጥረ ነገሮቹን እያጠበ ወደ ጥልቅ ያወርዳቸዋል፤ ከላይ የሚቀረው ብረትና አሉሚኒየም የበዛበት አፈር ይሆናል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። በቀዝቃዛ አገር ብዙ ዓመት የሚቆየው ብስባሽ በሙቅ አገር ቶሎ ተበልቶ ያልቃል። በመሆኑም ደኑ ተመንጥሮ በሚታረስ መሬት ላይ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት አዝመራ ያማረ ይሆንና ብዙ ሳይቆይ ይከዳል። የኢትዮጵያ ደጋ አፈር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ በመሆኑ መነሻው የተባረከ ነው፤ ደጋውም ስለሚቀዘቅዝ ብስባሹ ከቆላው ይልቅ ይቆያል። ይህ ጸጋ ግን ለዘለዓለም የተሰጠ አልነበረም።

የመጀመሪያው ጉዳት የአፈር መኮምጠጥ ነው። ዝናብ በሚበዛበት በምዕራቡና በደቡቡ ደጋ፣ በነጆና በጊምቢ፣ በአዊ፣ በጨንቻና በሐገረ ሰላም የሚታየው ቀይ አፈር ከዚህ ወገን ነው። ባለሙያዎች እንደሚገምቱት በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ የሚበልጠው ይብዛም ይነስም ኮምጣጣ ሆኗል። አፈር ሲኮመጥጥ በውስጡ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይሟሟና የተክሉን ሥር ይመርዛል፤ ሥሩ አጥሮና ወፍሮ ይቀራል። ገበሬው በብድር ገዝቶ የጨመረው ፎስፎረስም ከብረቱና ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቆ ይያዛል። እንግዲህ ገበሬው ገብሱን ያበላ መስሎት ብረቱን አበላ ማለት ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ዩሪያና መሰል ማዳበሪያዎች ያለ ሌላ እንክብካቤ ዓመት ከዓመት ሲደጋገሙ ራሳቸው አፈሩን ይበልጥ ያኮመጥጡታል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነቱ ማሳ ላይ ጆንያ መጨመር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም።

ለዚህ በሽታ የታወቀው መድኃኒት ኖራ ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ የአፈሩን ኮምጣጤ ያረግባል፤ አሉሚኒየሙን መልሶ ያስራል፤ ታፍኖ የኖረውንም ፎስፎረስ ለተክሉ ይለቅቃል። የኖራ ድንጋይ ደግሞ በዓባይ ሸለቆ በደጀን አካባቢና በሌሎችም ሥፍራዎች በገዛ አገራችን ምድር ውስጥ ስላለ፣ ዶላርም መርከብም አይጠይቅም። ችግሩ ክብደቱ ነው። ማዳበሪያ ለአንድ ሄክታር ሁለትና ሦስት ኩንታል ሲበቃ፣ ኖራ እንደ አፈሩ ሁኔታ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ከዚያም በላይ ኩንታል ይፈልጋል። መንገድ በሌለበት ገጠር ይህን የሚሸከም አህያ ከየት ይገኛል? ከዚህም የተነሣ መድኃኒቱ በቅርብ እያለ በሽተኛው ዘንድ ሳይደርስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

ገበሬው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በአዊ በፋግታ ለኮማ ወረዳ እህል እምቢ ባለው ኮምጣጣ መሬት ላይ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር መትከል ጀመረ። ዛፉ ናይትሮጅን ከአየር ይስባል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል፤ ከተቆረጠ በኋላ መሬቱ ተመልሶ እህል ይዘራበታል። ከሰሉም ለከተማ ገበያ ይቀርባል። በዚህ መንገድ ተራቁቶ የነበረው አገር አረንጓዴ ለበሰ። ኋላ ዛፉን በሽታ ሲመታው ግን መላ ኑሮን በአንድ ተክል ላይ መጣልም አደጋ እንዳለው ታየ። የሆነ ሆኖ ሕዝቡ መፍትሔ ለመፈለግ የማንንም ትእዛዝ እንዳልጠበቀ ይህ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የጥቁሩ የዋልካ አፈር ነው። ይህ አፈር በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮኑ የሚገኘው በደጋው ነው። በባሕርዩ ለም ነው። ነገር ግን በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት አብጦ ውሃ ይተኛበታል። በዋልካ ላይ በክረምት የዘመተ ወታደር የእግሩን ክብደት አይረሳውም። በዚህ ምክንያት ገበሬው ዋናው ዝናብ እስኪያባራ ጠብቆ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ በቀሪው እርጥበት ይዘራል። መሬቱም በከባዱ ዝናብ ወራት ራቁቱን ለጎርፍ ይጋለጣል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ሴቱና ልጁ ሳይቀር በእጁ መደብና ቦይ እያበጀ ውሃውን ማጠንፈፍ ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። በ1970ዎቹ ዓመታት ተመራማሪዎች ይህንኑ የገበሬ ጥበብ መነሻ አድርገው በአገሩ ማረሻ ላይ የተመሠረተ መደብ ማውጫ መሣሪያ ሠሩ። ውሃው ሲጠነፈፍ ስንዴ ቀደም ብሎ ይዘራል፤ ምርቱም ይጨምራል። ያለ ማጠንፈፊያ ግን በረግረጉ ውስጥ የተበተነ ዩሪያ ብዙው ተመልሶ ወደ አየር ይተናል፤ ገበሬው የገዛው ናይትሮጅን ወደ መጣበት ይመለሳል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጉዳት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ይኸውም የአፈሩ መታጠብ ነው። በ1970ዎቹ የተካሄደው የአፈር ጥበቃ ጥናት ከሚታረስ ተዳፋት መሬት በአማካይ በየዓመቱ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። ይህ አኃዝ ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። በአንድ ሄክታር ላይ የተነጠፈ የአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ወደ 12 ቶን ገደማ ይመዝናል። እንግዲህ 42 ቶን ማለት በየዓመቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ተላጠ ማለት ነው። በአንድ ሰው የሥራ ዕድሜ፣ በአርባ ዓመት፣ አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ብስባሹና ንጥረ ነገሩ የተከማቸው ደግሞ በዚሁ በላይኛው ንጣፍ ነው። አባት በማረሻው ይገለብጠው የነበረውን አፈር ልጅ አያገኘውም።

የታጠበው አፈር የሚደርስበትም ቦታ ይታወቃል። በሱዳን የሰናርና የሮዛሪስ ግድቦች ከዓባይ በሚወርደው ደለል ከመያዝ አቅማቸው ከፊሉን አጥተዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ከዚህ ሥጋት ውጭ አይደለም። በጎጃምና በወለጋ ተዳፋት ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ እርከን የገበሬውን ማሳ ብቻ ሳይሆን የከተማውንም መብራት ይጠብቃል። ስለዚህ የከተማው ነዋሪ ስለ እርከን ሲነገር የሩቅ ወሬ አድርጎ ሊሰማው አይገባም።

አራተኛው ጉዳት ከምድጃ ጋር የተያያዘ ነው። ደኑ ሲያልቅ ማገዶ ጠፋ፤ ማገዶ ሲጠፋ ፍጉ ኩበት ሆኖ ተቃጠለ፤ ገለባውም ለከብቱ መኖና ለማገዶ ዋለ። ከማሳው የወጣው ሁሉ ወደ ማሳው መመለሱ ቀረ። ሠላሳ ኩንታል ስንዴ ከአንድ ሄክታር ሲታጨድ በፍሬው ብቻ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል። ይህ ካልተተካ ዕዳው ያለ ጥርጥር በአፈሩ ላይ ይመዘገባል። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በየገጠሩ በቤቱ ዙሪያ ያለውን ጓሮ ከሩቁ ማሳ ጋር ማስተያየት ይበቃል። አመዱ፣ ጥራጊውና ፍጉ የሚደፋበት ጓሮ ጠቁሮና ላልቶ ጎመኑን፣ ጌሾውን፣ በደቡብም እንሰቱን ያፈራል፤ የአንድ ቤት፣ የአንድ አፈር ወገን የሆነው ሩቁ ማሳ ግን ገርጥቶ ይታያል። ልዩነቱን ያመጣው ተፈጥሮ ሳይሆን የሰው እጅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት የኬሚካል ማዳበሪያ ይቅር የሚል ቢኖር ወደ ተቃራኒው ስሕተት ይወድቃል። የስሪላንካ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። የዚያች ደሴት መንግሥት በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት የኬሚካል ማዳበሪያ ወደ አገር እንዳይገባ በድንገት ከለከለ። ለሚሊዮን ሄክታር የሚበቃ ፍግና ብስባሽ ግን አልተዘጋጀም ነበር። የሩዝና የሻይ ምርት አሽቆለቆለ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ፤ ጉዳቱ ግን ደርሶ ነበር። ይህ ከውጭ ምንዛሪ እጦትና ከሌላው ችግር ጋር ተደራርቦ ሕዝቡ በሐምሌ ወር ቤተ መንግሥቱን ወረረ፤ ፕሬዚዳንቱም አገር ለቅቀው ሸሹ። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የስንቅ መንገድን የሚቆርጥ አዛዥ አስቀድሞ ግምጃ ቤቱን መሙላት ነበረበት።

በሌላ በኩል ለሁሉም አፈር አንድ ዓይነት ጆንያ ማደልም ብልኅነት አይደለም። ማዳበሪያ በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ በስፋት መታወቅ ከጀመረበት ከ1960ዎቹ አንሥቶ ከአርባ ዓመት በላይ የታደለው ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር፤ መጠኑም ለቀዩም ለጥቁሩም፣ ለደጋውም ለወይና ደጋውም ተመሳሳይ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ሥራ በብዙ ቦታ ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክ ጭምር እንደሚጎድሉ አመለከተ፤ ከዚያም ቅይጥ ማዳበሪያዎች መጡ። ይህ ወደ ፊት የተወሰደ እርምጃ ነው። ቢሆንም የቅይጡ ጥቅም ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ የመስክ ሙከራዎች ስላሳዩ፣ ካርታው በየማሳው ምርመራ እየታረመ መሄድ ይኖርበታል። የአፈር ምርመራ በጦር ሜዳ እንደ ቅኝት ነው፤ ያለ ቅኝት የተተኮሰ ጥይት አብዛኛው ይባክናል።

በአህጉር ደረጃም ነገሩ መታሰብ ጀምሯል። የአፍሪካ መሪዎች በ1998 ዓ.ም. በአቡጃ ተሰብስበው የማዳበሪያ አጠቃቀምን በሄክታር 50 ኪሎ ግራም ንጥረ ነገር ለማድረስ ተስማምተው ነበር፤ በተወሰነው ጊዜ ግን አልደረሰም። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ በናይሮቢ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ ስለ ማዳበሪያ ብቻ ሳይሆን ስለ አፈር ጤንነትም ተነጋገሩ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ከተጎዳው አፈር ቢያንስ 30 በመቶውን ለመመለስ ቃል ገቡ። የጉባኤው ርእስ መለወጡ ራሱ አንድ ትምህርት ነው።

በኢትዮጵያ በኩል በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ውል ተፈርሟል። ግምቱ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። የኦጋዴን ጋዝ ወደ ዩሪያ ከተለወጠ የስንቁ መንገድ ከባሕር ማዶ ወደ አገር ውስጥ ያጥራል፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ብቻ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ፎስፎረስ አይሰጥም፤ የተላጠውን አፈር አይመልስም፤ የኮመጠጠውን ይበልጥ ያኮመጥጣል እንጂ አያክመውም። የጎዴ ፋብሪካ እየተሠራ የደጀን ኖራ በቦታው ከቀረ፣ ርካሹ ዩሪያ ራሱ በቀዩ አፈር ላይ ጠላት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ መንገዱ ከሁለቱ አንዱን የመምረጥ አይደለም። ጆንያው ይምጣ፤ ግን የሚቀበለው አፈር ይሰናዳ። በኮምጣጣው መሬት ኖራ ይቅደም። በዋልካው ውሃው ይጠንፈፍ። በተዳፋቱ እርከን ይሠራ፤ የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ እርከን ተራራውን ለብዙ ትውልድ ያቆየበት ጥበብ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧልና አስተማሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። ስንዴና ጤፍ በባቄላ፣ በአተርና በሽምብራ ይፈራረቁ፤ የእነዚህ ተክሎች ሥር ናይትሮጅንን ከአየር የሚስቡ ነፍሳት መኖሪያ ስለሆነ ያለ ዶላር የሚሠራ ትንሽ ፋብሪካ ነው። ኩበቱ ከምድጃ እንዲተርፍ ለገበሬው ቤት ሌላ ማገዶ ይፈለግ፤ ባሕር ዛፍም ቢሆን በቦታው ሲተከል ፍግ ያድናል።

ከእነዚህ ተግባሮች አንዱም በአንድ ክረምት ፍሬውን አያሳይም። ብስባሽ በዝግታ ይገነባል፤ እርከን ዓመታት ይፈጃል፤ ኖራም በየጥቂት ዓመቱ መደገም አለበት። የማዳበሪያ ዋጋ ሲወደድ ሁሉም ስለ አፈር ይናገራል፤ ሲረክስ ደግሞ ይረሳዋል። አደጋው ያለው በዚህ መርሳት ውስጥ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ዓይነቱ ነገር የተነገረ ይመስላል።

ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መካከል አያሌው የገበሬ ልጅ ነው። ወታደሩም በፈቃድ ወደ ወላጆቹ ቤት ሲመለስ፣ የከተማው ነዋሪም ለበዓል ዘመዶቹን ሲጠይቅ፣ ከጓሮው አልፎ እስከ ሩቁ ማሳ ይሂድ፤ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ ይፈስ። ጥቁርና ልል ሆኖ የትል መንገድ ይታይበት እንደሆነ፣ ወይስ ገርጥቶና ጠጥሮ እንደሆነ ይመልከት። ከዚያም አባቱን ወይም አጎቱን በልጅነታቸው ማረሻው ምን ያህል ይጠልቅ እንደ ነበረ ይጠይቅ። ለሚቀጥለው ክረምት የሚበላው እንጀራ ከየት እንደሚመጣ ከመርከቡ ወሬ ይልቅ ይህ መልስ ይነግረዋል።